መርፌ ላይ ክር ያስገባል፣ በርጩማ ግን ይጥለዋል

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። መነጽሩን አድርጎ መርፌ ላይ ክር ያስገባል። አጠገቡ ያለው በርጩማ ግን ይጥለዋል። ሰው እጁን ዘርግቶ ሲጠብቀው ዝም ብሎ ያልፋል። ሰፈር ውስጥ «ኮራብን» ተባለ። ምሽት ላይ ሲደናቀፍ ያዩት ደግሞ «መጠጥ ጀመረ እንዴ?» አሉ። አባዬ መጠጥ በአፉ አይዞርም።

«ዳፍንት ነው፣ ጉበት አብሉት» ያሉን ብዙ ናቸው። አበላነው። ለውጥ የለም። በመጨረሻ ከድሬዳዋ ሪፈር ተጽፎልን አዲስ አበባ የሬቲና፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን፣ ሐኪም ዘንድ ሄድን። አንድ ማሽን ላይ አገጩን አስደግፎ መሀሉን እያየ፣ ብርሃን ብልጭ ባለ ቁጥር ቁልፍ እንዲጫን ተነገረው። ዳር ላይ ብልጭ ሲል አይጫንም። መሀል ላይ ሲሆን ይጫናል። ስሙን ያኔ ሰማን፦ ሬቲናይቲስ ፒግመንቶሳ።

ሐኪሟ ረጋ ብላ አስረዳችን። በጨለማ የምናይባቸው የሬቲና ሴሎች ቀድመው ይሞታሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የማታው እይታ ይሄዳል። ከዚያ ዙሪያው እየጠበበ ይመጣል። መሀሉ ብዙ ጊዜ ይቆያል። በቧንቧ ቀዳዳ እንደ ማየት ነው፤ መርፌዋ ቀዳዳው ውስጥ ትገባለች፣ በርጩማው አይገባም። በቫይታሚን ኤ እጥረት የሚመጣው ዳፍንት በቫይታሚኑ ይድናል፣ ይሄ ግን ከዘር ነው አለች። ክኒኑንም ከፋርማሲ ዝም ብላችሁ እንዳትገዙ፣ ሲበዛ ጉበት ይጎዳል።

ከዘር ስትል አባዬ አንገቱን ደፋ። ሐረር የነበረችው እናቱ ከመሸ ደጅ አትወጣም ነበር። እኛ ልጆቹ ጅብ ፈርታ ይመስለን ነበር። ቤት ተመልሰን የዘር ሐረጉን ወረቀት ላይ ሣልነው። አያቴ፣ አባዬ፣ አንዷ አክስቴ። ትውልድ አልዘለለም፣ ወንድ ሴት አልለየም። እንዲህ ሲሆን እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ሦስት ልጆች ነን።

«እኔ ነኝ ያወረስኳችሁ» እያለ እህል አልቀምስ አለ። እኛ ብናባብለው አልሆነም። የሠራው የእማዬ ንግግር ነው። «አንተስ ከማን ወሰድከው? እናትህን ትከሳታለህ?» አለችው። በማግስቱ ቁርሱን በላ።

ወንድሜና እኔ ተመረመርን። ለጊዜው ደህና ነን፣ ግን ክትትል ተባልን። እህቴ አልመረመርም አለች። ወንድሜ ተቆጣ፣ እኔ ከእሷ ጎን ቆምኩ። ማወቅ የሚፈልግ ይወቅ፣ የማይፈልግ አይገደድ። የታጨች ልጅ ናት፣ «ቤተሰቡ ሳይሰማ ሠርጉ ይለፍ» የሚል ምክር ከዘመድ መጣ። እሷ ለእጮኛዋ ራሷ ነገረችው። እንዲህ ያለ ነገር በሦስተኛ ሰው አፍ ባይደርስ ይሻላል።

የጂን ሕክምና አለ ሲባል ሁላችንም ዘለን ነበር። እውነት አለ፤ አሜሪካ በ2017 እ.ኤ.አ. ፈቅዳለች። ግን አርፒኢ65 የሚባለው ጂን ከእናትም ከአባትም በኩል ለተበላሸባቸው ብቻ ነው። የእኛ አወራረስ እንደዚያ አይደለም። ስለዚህ «ከውጭ የመጣ ጠብታ ያድናል» ያለንን ሰው በጨዋ ደንብ ሸኘነው። ቁልቢን ግን አልተውንም። በታኅሣሥ ገብርኤል ግርግሩና ጨለማው ስለሚከብደው በቀን ቀድመን እንሄዳለን። ሐኪሟ እንዳትቀሩ ያለችው ክትትሉን ነው። የዓይን ሞራ ሊመጣ ይችላል፣ የሬቲናው መሀልም ውኃ ሊቋጥር ይችላል፣ እነዚህ ይታከማሉ።

ቤት ውስጥ የለወጥነው ቀላል ነው። በር ወይ ወለል ብሎ ይከፈታል ወይ ይዘጋል፣ ገርበብ አይልም። ሳፋና ጄሪካን መተላለፊያ ላይ አይቀመጥም። የደረጃውን ጠርዝ ቢጫ ቀለም ቀባነው። ዕቃ ቦታ ሲቀይር ይነገረዋል። መንገድ ላይ እኛ አንጎትተውም፣ እሱ ክርናችንን ይይዛል። የድሬ ፀሐይ ለብቻው ጣጣ ነው፤ ከውጭ ሱቅ ሲገባ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ስለሚቆይ ባለ ሰፊ ክፈፍ ባርኔጣ ገዛንለት፣ በር ላይም ትንሽ ቆም እንላለን። ጎረቤቶችን ደግሞ ስማችሁን እየጠራችሁ ሰላም በሉት አልናቸው። «ኮራብን» የሚለው ያን ሳምንት ቀረ።

ነጩ ዘንግ ነው ያስቸገረን። «ሰፈራችን ከዚራ በሙሉ በስሜ ያውቀኛል፣ ምን ይሉኛል!» ብሎ የስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ ከቶት ከረመ። አሁን ሲመሽ ራሱ ያወጣዋል። ባጃጆች ሲያዩት ቆመው ያሳልፉታል። ሲያሳፍሩት ግን ዋጋ አይቀንሱም ብሎ ያማርራል።