ከፋብሪካ መውጣት ያልነበረበት ፕሮግራም

እ.ኤ.አ. ኦገስት 2021 አጋማሽ ላይ የቤት ራውተር በሚሠሩ ድርጅቶች ዘንድ አንድ ጥያቄ ገባ፦ «ዩዲፒሰርቨር የሚባለው ፕሮግራም በእኛ ፈርምዌር፣ ማለትም ራውተሩን በሚያሠራው ሶፍትዌር፣ ውስጥ አለ?» ጥያቄውን ያስነሣው አይኦቲ ኢንስፔክተር የተባለው የጀርመን የደኅንነት ድርጅት ኦገስት 16 ያወጣው ሪፖርት ነበር። ሪልቴክ፣ የታይዋኑ ቺፕ ነዳፊ፣ ከቺፑ ጋር ለደንበኞቹ በሚሰጠው ኤስዲኬ (ፈርምዌር የሚሠሩበት የተዘጋጀ ሶፍትዌር) ውስጥ የደኅንነት ክፍተቶች ተገኝተዋል፤ ቢያንስ 65 አምራቾችን ይነካሉ። ኦገስት 18 ላይ ከክፍተቶቹ በአንዱ፣ በራውተሩ የአስተዳደር ገጽ በኩል፣ ጥቃት መጀመሩ ታየ።

የዚሁ ኤስዲኬ አካል የሆነው ዩዲፒሰርቨር ሥራው ፋብሪካ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ራውተር ከመስመሩ ከመውጣቱ በፊት የሬዲዮው የማሰራጫ ኃይልና ድግግሞሽ ለየብቻ ይለካል፣ ይስተካከላል። የመለኪያው ኮምፒውተር ትእዛዝ ይልካል፣ ፕሮግራሙም ዩዲፒ በሚባለው የኔትወርክ መልእክት መላኪያ ዘዴ፣ በፖርት (የመግቢያ በር) 9034 ይቀበላል። መልእክቱ «ኦ-አር-ኤፍ» በሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላትና በሰሚኮሎን ከጀመረ ተከትሎ የመጣው ሁሉ በቀጥታ ለሲስተሙ ተሰጥቶ ይፈጸማል። የይለፍ ቃል የለም፣ መብቱም ሙሉ ነው። ተዘግቶ በተጠበቀ የማምረቻ ክፍል ውስጥ ይህ ጊዜ ይቆጥባል። ፕሮግራሙ ከራውተሩ ሳይወገድ ሰው ቤት ሲደርስ ግን በሩ ለማንም ክፍት ነው። ክፍተቱ በሲቪኢ፣ በታወቁ የደኅንነት ክፍተቶች መዝገብ፣ ሲቪኢ-2021-35394 ተብሎ ተመዘገበ።

ማጣራቱ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ስሕተት የሚፈጠረውም እዚሁ ላይ ነው። የፈርምዌሩን ፋይል ቢንዎክ በተባለው መፍቻ ፕሮግራም ፈትቶ ስሙን መፈለግ የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ ነገር ግን መሃል ላይ ያለው ገጣሚ፣ ማለትም ራውተሩን ለባለብራንዱ የሚገጣጥመው ድርጅት፣ ስሙን ቀይሮት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በስሙ ብቻ ሳይሆን በእነዚያ ሦስት ፊደላትም መፈለግ ያስፈልጋል። ቀጥሎ ቦርዱን አስነሥቶ፣ በሲሪያል ገመድ ገብቶ፣ 9034ን የሚያዳምጥ ፕሮግራም መኖሩን ከውስጥ ማየት ነው። ከውጭ ብቻ መፈተሽ ያሳስታል፤ በዩዲፒ መልስ አለመምጣቱ ፖርቱ ዝግ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ሌላው ወጥመድ የሞዴል ስም ነው። አንድ ስም የያዘ ራውተር በመጀመሪያው እትሙ አንድ ቺፕ፣ በሦስተኛው ሌላ ቺፕ ሊኖረው ይችላልና እያንዳንዱ እትም ለየብቻ ይፈተሻል።

ማስተካከያውን መላክ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በርካሾቹ ራውተሮች ላይ የተለመደው 4 ሜጋባይት ፍላሽ (ቋሚ ማከማቻ) እና 32 ሜጋባይት ራም ነው። ኬርነሉ (የሲስተሙ እምብርት)፣ የፋይል ሥርዓቱ፣ የተጠቃሚው ቅንብር፣ የዚያ ቦርድ የሬዲዮ ልኬትና ማክ አድራሻ (የመሣሪያው ልዩ መለያ ቁጥር) ሁሉ እዚያችው ፍላሽ ላይ ተጨናንቀው ይቀመጣሉ። ለሁለተኛ ፈርምዌር ቦታ ስለሌለ ማዘመኑ መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ራውተሩ አይነሣም። ቸኩሎ ፍላሹን ከዳር እስከ ዳር የሚጽፍ ምስል (ሙሉ የፈርምዌር ፋይል) የላከ ሰው ደግሞ ልኬቱንም አብሮ ያጠፋል፤ ዋይፋዩ ይደክማል፣ ሁሉም ራውተሮች አንድ ማክ አድራሻ ይዘው ይነሣሉ። የልኬቱ ክፍል ፈጽሞ መነካት የለበትም። ዩዲፒሰርቨርም ከማስነሻ ስክሪፕቱ ብቻ ሳይሆን ከምስሉ ራሱ መውጣት አለበት፤ ለጥገና ክፍል የሚያስፈልገው ለብቻው በተዘጋጀ የፋብሪካ ፈርምዌር ይሁንለት።

ሪልቴክ ለአዲሶቹ የኤስዲኬ ስሪቶች ማስተካከያ አውጥቷል። የ2 ተከታታይ የሚባለው አሮጌው ስሪት ግን ድጋፉ ቀድሞ ተቋርጦ ስለነበር በእርሱ ላይ የሠራ ሁሉ የራሱን መላ መፈለግ ነበረበት። ማስተካከያው ሪልቴክ ካለባት የታይዋን ከተማ ከሺንቹ ተነሥቶ ገጣሚው ጋ፣ ከዚያ ባለብራንዱ ጋ፣ ከዚያ የኢንተርኔት አቅራቢው ጋ፣ በመጨረሻ ሰው ቤት ይደርሳል። ከአራቱ አንዱ ከቆመ ሁሉም ቆመ። የደኅንነት ድርጅቱ ፓሎ አልቶ ኔትወርክስ እስከ ዲሴምበር 2022 በዚሁ ክፍተት 134 ሚሊዮን የጥቃት ሙከራ መቁጠሩን ገልጿል፤ 97 በመቶው የመጣው ከኦገስት 2022 ወዲህ ነው። ማስተካከያው ከወጣ ዓመት አልፎት ነበር።

የታይዋን ነዳፊዎች የገበያ ችግር ያለው እዚህ ነው። ከላይ ብሮድኮምና ኳልኮም ትላልቆቹን የኢንተርኔት አቅራቢዎች ይዘዋል፤ ከታች የቻይናዎቹ ሁዋዌና ዜድቲኢ የራሳቸውን ቺፕ በራሳቸው ዕቃ ላይ ይገጥማሉ። በመሃሉ ለታይዋኖቹ ሰፊውን የሱቅ ገበያ ያስገኘው ቺፕና የተዘጋጀ ሶፍትዌር በአንድ ላይ በርካሽ ማቅረብ ነው፤ የራሱ ፕሮግራመር የሌለው ድርጅት እንኳ ራውተር አወጣ። ያው ሶፍትዌር ሲያረጅ ግን ጠባቂ አይኖረውም። ራውተሩን በሰው ቤት ለዓመታት የሚያቆይ የኢንተርኔት አቅራቢ ስለ ፍጥነቱ ከሚጠይቀው በላይ ማስተካከያ እስከ መቼ እንደሚመጣ ይጠይቃል።

በ2011 የዋይፋይ ቺፕ ነዳፊውን ራሊንክን የጠቀለለው ሌላው የታይዋን ነዳፊ ሚዲያቴክ ዛሬ የተሻለ መንገድ ይዟል። ቺፑን ከሲስተሙ ጋር የሚያገናኘው የዋይፋይ ድራይቨሩ ኤምቲ76 ዋናው የሊኑክስ ኬርነል ውስጥ ስላለ ጥገናው በአንድ ድርጅት ላይ የተንጠለጠለ አይደለም። በ2024 የወጣው ኦፕንደብልዩአርቲ ዋን የተባለው ራውተር የተሠራው በዚሁ ኩባንያ ፊሎጂክ 820 ቺፕ ነው። 256 ሜጋባይት የናንድ ፍላሽ ይዟል፤ ከእርሱ ሌላ ማዘመኑ ቢበላሽ ራውተሩን መልሶ የሚያስነሣ 16 ሜጋባይት የኖር ፍላሽ አለው።