የአያትን ጣሪያ ያነሳው ነፋስ መቼ ነበር?

ዛሬ ሱሉልታ ላይ፣ የአያታችንን ቤት ጣሪያ የገነጠለው የድሮ አውሎ ነፋስ ቀኑ ሲፈለግ ተዋለ። እንዲህ ያለ የቤተሰብ ታሪክ ለምታጣሩ፣ ከሁሉ የሚከብደው ቀኑን ማግኘት ነው።

አያቶቻችንን «ስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?» ማለት ብዙ አያዋጣም። «የማን ዕለት ነበር? ጾም ነበር? እህሉ ምን ደርሶ ነበር? ማን ተወልዶ ነበር?» በሏቸው። «በሚካኤል ማግስት» ካሉ ወሩ በገባ በ13 ነው። «ዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን» ካሉ ግን ቀኑ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ ባሕረ ሐሳብ (የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ማስያ ስሌት) የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ዓመቱ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲቀየር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ይደመራል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይስታል፤ የሌላ ዓመት መዝገብ ሲያገላብጥ ይውላል። ሰዓቱም ያሳስታል፦ የእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት በግሪንዊች ሰዓት (UTC) በሚጻፈው ዓለም አቀፍ የአየር መረጃ 12:00 ነው።

ቀኑ ከጠበበ ወደ ሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት፣ ለአሮጌ የአዲስ ዘመን ቅጾች ደግሞ ወደ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ሂዱ። የአየር ጠባይ ጣቢያ የሚመዘግበው ዝናብ የ24 ሰዓት ድምር ስለሆነ፣ በጠባብ መስመር ያለፈ ነፋስ ጭራሽ ላይታይበት ይችላል። ይህ ማለት ግን አያት ተሳስተዋል ማለት አይደለም!

ቆርቆሮውና ባሕር ዛፉ የት እንደወደቁ መጠየቅ አትርሱ። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ከተኙ ወይም ከአንድ ቦታ ወደ ውጭ ከተበተኑ፣ ከነጎድጓድ ደመና ወርዶ መሬት ላይ የተንሰራፋ ነፋስ ሳይሆን አይቀርም። በጠባብ መስመር ላይ ተጠላልፈው ከወደቁና አጠገቡ ያለው ቤት ካልተነካ፣ አዙሪት የመሆን ዕድሉ ይበልጣል።