የቡታጋዙ አረንጓዴ ጭረት

ደሴ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ባለፈው ዓመት ስለ ሮበርት ሙሊከን ላወራ ተነሳሁና በአስር ደቂቃ ክፍሉን አስተኛሁት። ሙሊከን ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ የፊዚክስ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ኖቤል ሲሸለም ግን ሽልማቱ የኬሚስትሪ ነበር። ኤሌክትሮኖች ለአንድ አቶም ብቻ ሳይሆን ለመላው ሞለኪውል የጋራ መሆናቸውን በሚያስረዳው ንድፈ ሐሳቡ ነው የተከበረው። እዚያ ያደረሰውም ከሞለኪውል የሚወጣን ብርሃን እየመረመረ የቆየባቸው ዓመታት ናቸው። ይህን ሁሉ በጠመኔ ጽፌ ዞር ስል ከኋላ ወንበር አንዱ፣ «ቲቸር፣ ሞለኪውል ሲያበራ አይተው ያውቃሉ?» አለኝ።

አላየሁም ነበር።

የጫማ ካርቶን ከሱቅ ለመንኩ። በአንድ ጎኑ ሁለት ምላጭ አቀራርቤ በፕላስተር ለጠፍኩ፤ መሐላቸው ቀጭን ስንጥቅ ቀረ። በማዶው ጫፍ ሲዲ አጋድሜ ሰካሁ፣ ከላይ የዓይን ቀዳዳ በሳሁ። የሲዲ ትራኮች በ1.6 ማይክሮሜትር ርቀት የተደረደሩ ስለሆኑ ብርሃንን በየቀለሙ ይበትናሉ። መጀመሪያ ኩራዝ አበራሁ፤ ያልተቋረጠ ቀስተ ደመና ሆነ። ለካ የኩራዝ ቢጫ ብርሃን የጋለ ጥላሸት ነው፤ ስለ ሞለኪውል የሚናገረው ነገር የለም።

ከዚያ ወደ አከራዬ ቡታጋዝ ዞርኩ። ደማቅ ቢጫ መስመር ስላየሁ «አገኘሁት!» ብዬ ጮህኩ። እትዬ ማማሰያቸውን እንደያዙ መጡና፣ «አብሽር ልጄ፣ ወጡ ገንፍሎ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የወጡ ጨው ነበር፤ በጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም በ589 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት አካባቢ የሚያወጣው ብርሃን። እሱ ደግሞ አቶም እንጂ ሞለኪውል አይደለም። አንድ ሳምንት የደከምኩት ለወጥ ሆነ።

ምድጃውን ወልውዬ፣ ነበልባሉ ሰማያዊ እስኪሆን ዝቅ አድርጌ፣ ምላጮቹን ይበልጥ አጠጋግቼ፣ ሲዲውን በዲቪዲ ቀየርኩ። የዲቪዲ ትራኮች 0.74 ማይክሮሜትር ብቻ ስለሚራራቁ ቀለሞቹን በሰፊው ይለያያሉ። ግን ደብዛዛ ነበር። በሦስተኛው ምሽት መብራት ጠፋ፤ በመብራት መጥፋት የተደሰትኩት የዚያን ዕለት ብቻ ነው። በጨለማው ውስጥ 516 ናኖሜትር አካባቢ አረንጓዴ ጭረት ብቅ አለ፦ በአንድ በኩል እንደ ምላጭ የተሳለ፣ ወደ ሰማያዊው በኩል እየሳሳ የሚጠፋ። ከሁለት ካርቦን የተሠራ ሞለኪውል ነው፤ ጭረቱ በስኮትላንዳዊው ዊልያም ስዋን ስም ይጠራል። አቶም መስመር ይሰጣል፤ ሞለኪውል ግን ስለሚንቀጠቀጥና ስለሚሽከረከር ብዙ ቀጫጭን መስመሮች ተጠጋግተው እንዲህ ያለ ሰፊ ጭረት ይሆናሉ። የእኔ ካርቶን እነዚያን መስመሮች ነጣጥሎ አያሳይም።

ካርቶኑን ይዤ ክፍል ገባሁ። ጥቁር ሰሌዳውን ተውኩትና ከባቲ የመጣውን ተማሪ ክራሩን እንዲያመጣ ጠየቅኩት። ባቲና አምባሰል ቅኝት በሆኑበት አገር ይህን እስከዛሬ አለማሰቤ ያሳፍራል። ሞለኪውልም እንደ ክራር የተወሰኑ ድምፆች ብቻ ነው ያሉት፤ በመሐል የለም። ልጁ ወዲያው፣ «ታዲያ መቃኘት ይቻላል?» አለ። ምሳሌዬ እዚህ ላይ ይሰበራል፤ ሞለኪውልን እንደ ክራር አጥብቀህ አትቃኘውም። ክሩን በከባድ ክር መቀየር ግን ይቻላል። ሙሊከን ያጠናው ይህንኑ ነው፦ ሁለቱም ቦሮን ሆነው በክብደት ብቻ የሚለያዩት ቦሮን 10 እና ቦሮን 11 ከኦክስጅን ጋር ሲጣመሩ ከባዱ ቀስ ብሎ ይንቀጠቀጣል፣ ጭረቱም ከቦታው ይንሸራተታል።

ልዩነቱን ሲለካ ታዲያ ሒሳቡ እምቢ አለው። የተስተካከለው የሞለኪውሉ ዝቅተኛ የንዝረት ጉልበት ዜሮ መሆኑ ቀርቶ የአንድ የጉልበት እርከን ግማሽ ነው ሲባል ብቻ ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1924 ነው፤ ጀርመናዊው የፊዚክስ ሰው ሃይዘንበርግ የአቶሞችን ጠባይ የሚያስረዳውን ኳንተም መካኒክሱን ከማውጣቱ አንድ ዓመት በፊት። ሞለኪውል ፈጽሞ ጸጥ አይልም ማለት ነው።

ልጁ ክሩን መታና በመዳፉ አፈነው። «ይሄው ቲቸር፣ ዝም አለ» አለ።

«እስኪ ጆሮህን አስጠጋ» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ፤ እሱ ግን ከልቡ አስጠጋ።