ለቁመቴ ልክ የተሰፋ ሞተር ሳይክል

ቁመቴ 1 ሜትር ከ94 ሴንቲሜትር ነው። ቤቴ ደሴ፣ የሥራ ቦታዬ ደግሞ ኮምቦልቻ በመሆኑ በሳምንት አምስት ቀን ጠዋት የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት እወርዳለሁ፤ ማታ ያንኑ ዳገት እወጣዋለሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ነገር ግን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው ደሴ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ኮምቦልቻ የሚያወርደው ኩርባ በኩርባ እየተቀባበለ ስለሆነ፣ የአንድ ሞተር አቀማመጥ ለነጂው መስማማት አለመስማማቱን ቶሎ ያሳውቃል። ለረጅም ጉዞ የተሠራውን ባለ 650 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተሬን የገዛሁት ወደ ባቲ፣ ወደ ወልድያ፣ ሲመችም እስከ አዲስ አበባ ልሄድበት አስቤ ነበር። በመጀመሪያው ወር ሐይቅ ከተማ ደርሼ በተመለስኩበት ቀን ግን ከሞተሩ ስወርድ ጉልበቴ አልዘረጋ ብሎኝ፣ የግቢውን ግንብ ተደግፌ ለጥቂት ደቂቃ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአምስት ወራት ሞተሩን ወደ ቁመቴ ለማምጣት ምን እንደሠራሁና የቱ ላይ እንደተሳሳትኩ እነሆ እጽፋለሁ፤ በአገራችን ረጅም ሰው ብዙ ሆኖ ሳለ ስለዚህ ጉዳይ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ፈልጌ አላገኘሁምና።

መጀመሪያ ላይ ያሳሳተኝ የመቀመጫ ከፍታ የሚባለው ቁጥር ነው። ሞተር ሲሸጥ የሚነገረው ከመሬት እስከ መቀመጫ ያለው ርቀት ነው፤ የእኔው 82 ሴንቲሜትር ነው። በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው የሆንዳ አፍሪካ ትዊን መቀመጫ በ85 እና በ87 ሴንቲሜትር መካከል ይስተካከላል፤ እኔም እነዚህን ቁጥሮች እያነጻጸርኩ፣ ችግሬ ከመሬት አለመራቄ ብቻ ነው ብዬ ደመደምኩ። ይህ ቁጥር በእርግጥ የሚጠቅመው መብራት ላይ ሲቆም እግሩ መሬት ይደርስለት እንደሆነ ለሚያስበው አጭር ሰው ነው። ለረጅም ሰው ወሳኙ ልኬት ከመቀመጫው እስከ እግር መርገጫው ያለው ርቀት ሲሆን፣ እርሱን ደግሞ ሻጭም ሆነ የሞተሩ መጽሐፍ አይነግሩትም፤ ራሱ ሜትር ይዞ መለካት አለበት። ጉልበት የሚታጠፈው በዚህ ርቀት ልክ ነው። ጉልበት ከመጠን በላይ ሲታጠፍ ዳሌ ወደ ኋላ ይንከባለላል፤ ዳሌ ሲንከባለል የታችኛው ጀርባ ይጎብጣል፤ በጎበጠ ጀርባ የተቀመጠ ሰው የመንገዱን እያንዳንዱን ጉድጓድ የሚቀበለው በአከርካሪው ነው። እኔ ወገቤን ሳሽ የከረምኩበት ሕመም መነሻው ጉልበቴ ላይ መሆኑን የተረዳሁት ይህን ካሰብኩ በኋላ ነው።

ስለዚህ ምንም ነገር ከመቁረጤ በፊት ለካሁ። ሞተሩን ደልዳላ ቦታ ላይ በመሐል ማቆሚያው አቁሜ፣ እንደምነዳ ሆኜ ተቀመጥኩና ታናሽ ወንድሜ ከጎን፣ በጉልበቴ ከፍታ፣ ራቅ ብሎ ፎቶ አነሣኝ። በታተመው ፎቶ ላይ ከዳሌ መገጣጠሚያ እስከ ጉልበት፣ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት መሥመር አስምሬ በትምህርት ቤት ፕሮትራክተር ስለካው 75 ዲግሪ አካባቢ ሆነ። ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ጉልበት 90 ዲግሪ መሆኑን ለሚያስብ፣ 75 ዲግሪ ሆኖ ሁለት ሰዓት መቆየት ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። ከዚያም የጭኔንና የቅልጥሜን ርዝመት ይዤ ሳሰላ፣ በመቀመጫውና በመርገጫው መካከል የሚጨመር እያንዳንዱ ሴንቲሜትር ለጉልበቴ አንድ ዲግሪ ተኩል ያህል እንደሚመልስልኝ አገኘሁ። ሰባት ሴንቲሜትር ተኩል ባገኝ 86 ዲግሪ አካባቢ እደርሳለሁ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ከመቀመጫው ብቻ መውሰድ እንዳይሆን፣ አምስቱን ከላይ፣ ሁለት ተኩሉን ከታች ለማግኘት ወሰንኩ። (ይኸው ስሌት በ100 ወይም በ150 ሲሲ ሞተር ቀኑን ሙሉ ለሚሠሩ ረጃጅም ወጣቶችም ያገለግላል፤ እነርሱ ከእኔ ይልቅ ብዙ ሰዓት ኮርቻ ላይ ይውላሉና።)

የመቀመጫው ሥራ ሁለት ጊዜ ተሠርቷል። በመጀመሪያው ዙር የመኪና ወንበር የሚያለብስ ባለሙያ ዘንድ ወስጄ አምስት ሴንቲሜትር ስፖንጅ እንዲጨምርበት ስጠይቀው፣ ለፍራሽ የሚሆን ለስላሳ ስፖንጅ አልብሶ፣ አሳምሮ ሰፍቶ ሰጠኝ። ሱቁ ውስጥ ስቀመጥበት እንደ ሶፋ የሚመች ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ከነዳሁ በኋላ ግን ስፖንጁ በክብደቴ ተጨፍልቆ ከሥር ያለው የፕላስቲክ መደብ ይቆረቁረኝ ጀመር፤ የጨመርኩት ከፍታም አብሮ ጠፋ። ጥፋቱ የባለሙያው ሳይሆን የእኔ ነበር፤ ምን ዓይነት ስፖንጅ እንደምፈልግ አልነገርኩትም። የሞተር መቀመጫ መሠረቱ ጠንካራ መሆን አለበት። ሁለተኛው ዙር ላይ ከሥር በጣት ሲጫኑት ብዙም የማይሰምጥ ጠጣር ስፖንጅ አራት ሴንቲሜትር፣ ከላዩ ደግሞ ለስለስ ያለ አንድ ሴንቲሜትር ተደረገ። ጠጣሩ ክብደቱን ይሸከማል፤ ለስላሳው ንዝረቱን ይውጣል።

ከውፍረቱ ባልተናነሰ ቅርጹ ዋጋ አለው። የቀድሞው መቀመጫ ወደ ነዳጅ ታንከሩ የሚያዘቀዝቅ ስለነበር፣ በሐረጎ ቁልቁለት ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ወደ ፊት እየተንሸራተትኩ ጉልበቴ ይበልጥ ይታጠፍ ነበር። አዲሱን ከፊት በኩል ይበልጥ በማስሞላት ተዳፋቱን አጠፋነው፤ ከኋላ በኩል፣ ዳሌ የሚያርፍበትን ሥፍራ ጠፍጣፋና ሰፊ አደረግነው፤ ጭን የሚያልፍበትን የፊት ጠርዝ ግን ጠባብ አድርገን ተውነው፤ ያ ጠርዝ ሲሰፋ እግር ወደ ጎን ስለሚከፈት መሬት መርገጥ ለረጅም ሰውም ያስቸግራልና። የደሴን ዝናብ ለሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ልጨምር፦ ስፌቱ ሰው በሚቀመጥበት መሐል ላይ እንዳያልፍ ማዘዝ ይገባል። ውኃ በስፌት ቀዳዳ ገብቶ ስፖንጁ ውስጥ ከተጠራቀመ፣ በማግሥቱ ፀሐይ ቢወጣም እንኳ የሚቀመጡት እርጥብ ላይ ነው።

ለእግር መርገጫው የሄድኩት ኮምቦልቻ ከሚገኝ አንድ ቶርኖ ቤት ነው። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ፣ ከብረት ጋር ብዙ ዘመን የኖሩ ሰው ናቸው። ሐሳቤ የነበረው መርገጫውን ቆርጦ ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ዝቅ አድርጎ መበየድ ሲሆን፣ እርሳቸው ሥዕሌን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «ልጄ፣ መርገጫው መታጠፉን ካጣ፣ ኩርባ ላይ መሬት ሲነካህ ሞተሩን ከነጎማው ያነሣብሃል፤ መታጠፊያውን አትንካው» አሉኝ። «እሺ ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉት ይሁን» ብዬ ሥራውን ተውኩላቸው። ከስምንት ሚሊሜትር ላሜራ ሁለት ማያያዣ ቆርጠው፣ ነባሩን መርገጫ ከነመታጠፊያውና ከነሞላው ከሥሩ አሰሩት፤ የሞተሩ አካል አልተበየደም፣ አልተቆረጠምም፤ ነገ ልሽጠው ብል ሁለት ቡሎን ፈትቼ ወደ ነበረበት እመልሰዋለሁ። ቡሎኖቹ ራሳቸው ላይ 8.8 የሚል የጥንካሬ ቁጥር የተጻፈባቸው መሆናቸውን አይቼ ነው የተቀበልኩት፤ መርገጫው ዝቅ ሲል በማያያዣው ላይ ያለው ጫና ስለሚጨምር፣ ቁጥር የሌለው ተራ ቡሎን ለዚህ ቦታ አይሆንም።

መርገጫ ሲወርድ የሚታጣ ነገር አለ፤ ኩርባ ላይ ሞተሩ የሚያጋድልበት ልክ ይቀንሳል። በእኔ ሞተር ስለካው የቀነሰው ከሁለት እስከ ሦስት ዲግሪ ያህል ነው፤ በጥንቃቄ ለሚነዳ ሰው ይህ አይሰማውም፤ ይሁን እንጂ ከአምስት ሴንቲሜትር በላይ ላውርድ የሚል ሰው ቢኖር በሐረጎ መታጠፊያዎች ላይ ብረት ከአስፋልት ሲፋጭ ይሰማል ብዬ አስጠነቅቃለሁ። የማርሽ መቀየሪያውና የኋላ ፍሬኑ ፔዳልም አብረው መውረድ አለባቸው። ፔዳሉን ሳወርድ የፍሬን መብራቱን ማብሪያ አብሬ ባለማስተካከሌ፣ ኋላዬ መብራት ሳይበራ ሁለት ቀን ነድቻለሁ፤ ይህን ያወቅሁት አንድ የባጃጅ ሹፌር ቧንቧ ውሃ ከሚባለው የደሴ ሰፈር አጠገብ አስቁሞ ስለነገረኝ ነው።

ወደ መሪው ስንመጣ፣ መቀመጫ፣ መርገጫና መሪ አንድ ሦስት ማዕዘን ናቸው፤ አንዱን ጫፍ ያነሣ ሰው ሌሎቹን እንዳልነካ ሊቆጥር አይችልም። መቀመጫዬ አምስት ሴንቲሜትር ሲነሣ መሪው በአንጻሩ አምስት ሴንቲሜትር ወረደ፤ ስለዚህ ወደ ፊት ጎንበስ ብዬ ክብደቴን በእጅ አንጓዬ ላይ መጣል ጀመርኩ፤ ኮምቦልቻ ስደርስ ጣቶቼ ይደነዝዙ ነበር። ከመሪው ሥር የሚገባ የአሉሚንየም ማንሻ አስቆርጬ አራት ሴንቲሜትር ወደ ላይ፣ ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ወደ እኔ አመጣሁት። የመሪ ቱቦ ውፍረት በአብዛኛው ወይ 22 ወይ 28 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከማዘዝ በፊት በካሊፐር መለካት ግድ ነው። ረዘም ያሉት አዳዲስ ቡሎኖችም ወደ ጥርሳቸው ምን ያህል እንደሚገቡ መቆጠር አለበት፤ አሉሚንየም ውስጥ ለሚገባ ባለ 8 ሚሊሜትር ቡሎን ቢያንስ 12 ሚሊሜትር ጥርስ መያዝ አለበት።

ትልቁን ስሕተቴን የሠራሁት እዚህ ላይ ነው። ማንሻውን ባስገባሁበት ምሽት መሪውን ቀጥ አድርጌ ሞተሩን አስነሣሁ፤ ሁሉም ደህና ነበር። በማግሥቱ ፒያሳ አካባቢ ለመዞር መሪውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻው ሳጥፍ፣ እጄ ሳይነካው ሞተሩ በራሱ ጮኸ፤ የነዳጅ መስጫው ኬብል መሪው ሲነሣ አጥሮ ኖሮ፣ ስዞር ተወጥሮ ነዳጅ ከፈተ። ፍሪሲዮኑን ባልይዝ ኖሮ መንገድ በሚሻገሩ ሰዎች መሐል እገባ ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም ይዘገንነኛል። መሪ ከፍ ያደረገ ሁሉ ከግቢው ሳይወጣ ሞተሩን በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጥ፣ አስነሥቶ መሪውን ከግራ ጥግ እስከ ቀኝ ጥግ ያዙረው፤ ድምፁ በትንሹም ቢሆን ከተለወጠ አይውጣ። የፍሪሲዮኑን ኬብል፣ የፊት ፍሬኑን ጎማ ቱቦና የኤሌክትሪክ ገመዶቹንም በሁለቱም ጥግ በእጁ ይዳስሳቸው፤ አንዳቸውም መወጠር የለባቸውም። እኔ በኋላ ኬብሉን በሌላ መሥመር አሳልፌ ሦስት ሴንቲሜትር ትርፍ አገኘሁለት፤ ሁለቱንም የኬብል ጫፎች እንደገና አስተካከልኩ።

ነፋሱ የመጣው ከሁሉም በኋላ ነው፤ ያልጠበቅሁትም እርሱን ነበር። መቀመጫው አምስት ሴንቲሜትር ሲነሣ ጭንቅላቴም አብሮ ተነሥቶ፣ ከፊት ከነፋስ መከላከያው ጫፍ ላይ ተሰብሮ የሚመጣው ሽክርክሪት ነፋስ በቀጥታ ሄልሜቴ ላይ ያርፍ ጀመር። ንጹሕ ነፋስ ይገፋል እንጂ አይጎዳም፤ የተሰበረ ነፋስ ግን ጭንቅላትን ግራና ቀኝ እየመታ አንገትን ያደክማል፣ ዓይንንም ያደበዝዛል። መፍትሔውን ከመግዛቴ በፊት ከሐይቅ መለስ ባለው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ፣ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር እየነዳሁ ቀስ ብዬ ጎንበስና ቀና አልኩ። አንድ ስንዝር ቀና ስል ሁከቱ ቆመ፤ አንድ ስንዝር ጎንበስ ስልም ቆመ። ከዚህ የተረዳሁት ሁለት መንገድ እንዳለ ነው፤ ወይ መከላከያውን አሳጥሮ ንጹሑን ነፋስ ፊት ለፊት መቀበል፣ ወይ አስረዝሞ ከበስተኋላው መደበቅ። ብዙ ረጃጅም ነጂዎች የመጀመሪያውን ይመርጣሉ፤ ሞቃት አገር ቢሆን እኔም እመርጠው ነበር። የደሴ የማለዳ ጉምና ብርድ ግን ደረትን የሚሸፍን ነገር ይጠይቃል።

ማስታወቂያ ከሚሠራ ሱቅ ውፍረቱ አራት ሚሊሜትር የሆነ ፕሌክሲግላስ አስቆርጬ በነባሩ ጫፍ ላይ 12 ሴንቲሜትር ተጨማሪ ገጠምኩ። ስበሳ መሰርሰሪያውን በዝግታ ማስኬድና ቀዳዳውን ከቡሎኑ ጥቂት ሰፋ ማድረግ፣ በብረቱና በፕላስቲኩ መካከልም የጎማ ሮንዴላ ማስገባት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ከቀዳዳው ተነሥቶ ይሰነጠቃል። ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ተጨማሪውን ከነባሩ ጋር አለማጣበቄ ነው፤ በሁለቱ መካከል ሁለት ሴንቲሜትር ክፍተት ትቼ ጥቂት ነፋስ እንዲያልፍ አደረግሁ። ከመከላከያ ጀርባ የሚፈጠረው ባዶነት ነው ነፋሱን እየሳበ የሚያሽከረክረው፤ ጥቂት አየር ሲገባለት ሽክርክሪቱ ይረግባል። ክፍተቱን በቴፕ ዘግቼም ከፍቼም በዚያው መንገድ ሞክሬዋለሁ፤ ልዩነቱ አንገቴ ላይ ወዲያው ይታወቃል።

የተቀረው ቀላል ነው። የኋላውን አሞርዛተር ሞላ ጥቂት ጠበቅ አድርጌ፣ ስቀመጥበት ከጠቅላላ እንቅስቃሴው ሲሶ ያህል እንዲወርድ አስተካከልኩ። የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታዎቹን እጄ ቀጥ ብሎ እንዲያርፍባቸው ወደ ታች አዞርኳቸው። ሞተሩን ራሱን ከኋላ በኩል ማንሣት እንደሚቻል የመከሩኝ ነበሩ፤ አላደረግሁትም፤ ከኋላ የተነሣ ሞተር የመሪው ጠባይ ስለሚለወጥ ቁልቁለት ላይ የሚያስተማምን አይሆንም።

ባለፈው ሳምንት ደሴ – ወልድያ ደርሼ በዚያው ቀን ተመለስኩ፤ ሁለቱም ጉዞ ተደምሮ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴ ገብቼ ሰኞ ገበያ ጋ ስደርስ መሽቶ ነበር፤ ቤቴ በር ላይ እግሬን አንሥቼ ወረድኩ፤ ግንቡን አልያዝኩም። የቀረኝ ስፖኪዮዎቹ ናቸው፤ ትከሻዬ ሰፊ ስለሆነ ግማሽ መስታወቱን የሚሞላው የገዛ ክንዴ ነው። ቶርኖ ቤት ላሉት ሰው የአራት ሴንቲሜትር ማራዘሚያ ሥዕል ሰጥቻቸዋለሁ፤ ማክሰኞ ና ብለውኛል።