ቮልሷ ዘይት የምታፈስበትን ቦታ ፍለጋ

እናቴ በርበሬ የምታሰጣው ግቢያችን መሃል ነው። ቮልሷም የምትቆመው እዚያው ነው። ጠቡ የተነሳው ከዚህ ነው። አንድ ጠዋት የሰሌኑ ጫፍ ጠቁሮ ተገኘ። እናቴ ጣቷን ነክራ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ መስኮት ዞረችና፣ «አንተ ልጅ! ይኼ መኪናህ በርበሬዬን በሞተር ዘይት ደለዘልኝ!» አለች።

መኪናዋን የገዛኋት እዚሁ ጎንደር፣ ማራኪ ከሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህር ነው። ሊብሬዋ ላይ የ1968 እ.ኤ.አ. ሞዴል፣ 1300 ይላል። ቀለሟ ድሮ ሰማያዊ ነበር። ስገዛት ትንሽ ዘይት እንደምታንጠባጥብ መምህሩ ነግረውኛል። «ትንሽ» የሚለውን ቃል እኔና እሳቸው በአንድ ዓይን እንዳላየነው የገባኝ ግን በርበሬው ከተበላሸ በኋላ ነው።

መጀመሪያ የወሰድኳት ለቢሮዬ ቅርብ ወደሆነ አንድ ጋራዥ ነበር። መካኒኩ ጎንበስ ብሎ አያት። ሞተሩና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) የሚገናኙበት ቦታ ረጥቧል። «የቮላኖው ፓራኦሊዮ ሄዷል። ሞተር ይወርዳል» አለኝ። ቮላኖ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት ነው፤ ፓራኦሊዮ ደግሞ በዙሪያው ዘይት እንዳይወጣ የሚያግድ የጎማ ቀለበት። እውነቱን ለመናገር ግምቱ መጥፎ አልነበረም። የቮልስ ፓራኦሊዮ በእርግጥም ይሄዳል፤ ሲሄድም ዘይቱ የሚወርደው በዚያው በኩል ነው። ሞተሯን ካምቢዮው ላይ የያዟት አራት ብሎኖች ስለሆኑ ከምሳ በፊት አወረዷት። ፓራኦሊዮው ተቀየረ፣ ሞተሯ ተመለሰች፣ አዲስ ዘይት ተሞላ። ከፍዬ በደስታ ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ከበፊቱ ብሶ ፈሰሰ። አሁን ደግሞ ከኋላ፣ ቺንጋውን በሚያዞረው ፑሌጃ በኩል። የኋላውን ኮፋኖ ከፍቼ ሳየው ውስጡ በሙሉ በጥቃቅን ነጠብጣብ ተረጭቷል። ጠዋት ማሞቂያውን ስከፍት መኪናው ውስጥ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። ወደዚያው ጋራዥ ስመለስ «አሮጌ መኪና እኮ ነው» አሉኝ። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም።

ከዚህ በኋላ ነው አንድ የቢሮ ባልደረባዬ በአዘዞ መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ በታጠረች ትንሽ ቦታ የሚሠሩ ሽማግሌ መካኒክ ጋ የወሰደኝ። ዕድሜያቸውን ሁሉ ቮልስና ፊያት ሲፈቱ ሲገጥሙ የኖሩ ናቸው። መኪናዋን አላዩም። መጀመሪያ እኔን አዩኝ።

«ስንት ዘይት ነው የጨመሩባት?»

«አንድ ጋሎን፣ ጋሼ።»

ሳቁ። «አንድ ጋሎን! አራት ሊትር! ልጄ፣ ይህች ቶዮታ አይደለችም። ሆዷ የሚችለው ሁለት ሊትር ተኩል ነው።»

የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዝነው። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ብዙ ወጥቷል። ያኔ ስለ ፑሌጃው አስረዱኝ። በዚያ በኩል ፓራኦሊዮ የሚባል ነገር የለም፤ ፋብሪካውም ሲሠራት አላደረገላትም። በፑሌጃው አንገት ላይ እንደ ብሎን ጥርስ የተጠማዘዘ ቦይ አለ። ሞተሩ ሲዞር ቦዩ የመጣውን ዘይት እየጠረገ ወደ ውስጥ ይመልሳል። ዘይቱ ከልክ ሲያልፍ፣ ወይም የፒስተን ፋሻ አልቆ ካርተር (የሞተሩ ዋና ገላ) ውስጥ ግፊት ሲበዛ ግን ቦዩ አይችለውም። የእኔዋ በልክ ስትሆን በፑሌጃው በኩል የነበረው ፍሳሽ በማግስቱ ቆመ። ወጪው ዜሮ ብር። የተረፈውን ዘይት በጀሪካን ይዤ ገባሁ።

የቀረው ፍሳሽ ግን አልቆመም። ሽማግሌውም ወዲያው ቁልፍ አላነሱም። «ቮልስ ላይ ዘይት በወደቀበት አይፈለግም» አሉኝ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሞተሯ ውሃ የላትም፤ የሚያቀዘቅዛት በቺንጋ የሚዞር ትልቅ ማራገቢያ ነው። ማራገቢያው ከላይ የወጣችውን ጠብታ ሞተሩን ሁሉ ያለብሳታል። ከታች ደግሞ የመንገዱ ነፋስ ይወስዳታል። ስለዚህ ዘይቱ የሚንጠባጠበው አንድ ቦታ፣ የሚወጣው ሌላ ቦታ ነው።

«እጠባት። ከዚያ ንዳት። ከዚያ እያት» አሉኝ። ይኼው ነው ትእዛዙ።

ቅዳሜ ሙሉ ቀን አጠብኳት። ሞተሯ እንደቀዘቀዘች ከኋላ መቀመጫው ሥር ያለውን ባትሪ ፈታሁ። ካርቡራተሩንና ዲስትሪቢውተሩን በፌስታል ጠቀለልኩ። ነጭ ጋዝና የቀለም ብሩሽ፣ ከዚያ ኦሞና ለብ ያለ ውሃ። ከሥሯ የወጣውን ጭቃ ብታዩት! ዘይትና አቧራ ተጋግሮ እንደ ድፎ ዳቦ ቅርፊት ሆኗል። አንዳንዱን በእንጨት ፈቅፍቄ ነው ያነሳሁት። ፀሐይ ላይ ስትደርቅ የእህቴን ልጅ ፓውደር በካልሲ ሞልቼ፣ ከሥር ተኝቼ፣ ሞተሯን ነጭ አደረግኳት። የፓውደሩን ዘዴ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሽማግሌው በኋላ ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አድናቆት ይሁን ሌላ አላወቅኩም።

ወደ አዘዞ ወርጄ ዳገቱን ተመለስኩ። ግቢ ስደርስ በሞባይሌ መብራት ከሥር ገባሁ። በነጩ ላይ ሦስት ቡናማ መስመሮች ነበሩ። ጠራርገው የሄዱ፣ የብዕር ጭረት የሚመስሉ። አንዱ ከቀኙ የቫልቮላ ክዳን ጠርዝ ይጀምራል። ሁለተኛው ከአንዲት ቱቦ። ሦስተኛውና ወፍራሙ ግን ከላይ፣ በግራ በኩል፣ በማራገቢያው ሽፋን ውስጥ ካለው የዘይት ማቀዝቀዣ እየመጣ፣ ሞተሩንና ካምቢዮውን መገናኛ አጥቦ ያልፋል። የመጀመሪያው መካኒክ ፓራኦሊዮ ነው ያለው እርጥበት ይኸው ነበር። ሞተር አስወርጄ የቀየርኩት ፓራኦሊዮ ምንም ላይኖረው ይችል ነበር።

የክዳኑ ቀላል ነው። ክዳኑን የያዘው ጠንካራ ሽቦ ነው፤ በካቻቪቴ ወደ ታች ሲገፋ ይለቃል። ከቡሽ የተሠራው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) እንደ ብስኩት ደርቆ ተሰባበረ። አዲሱን በክዳኑ በኩል ብቻ በስሱ ማስቲሽ አጣበቅኩ፤ በሞተሩ በኩል ግሪስ ቀባሁት። ሁለቱንም ወገን ያጣበቀ ሰው ቫልቮላ ለማስተካከል በከፈተ ቁጥር ጓርኒሲዮን ይቀድዳል።

ቱቦዎቹ ስምንት ናቸው፤ ቫልቮላዎቹን የሚገፉት ዘንጎች የሚያልፉባቸው። አንዷ ዝጋ መርፌ የምታሳልፍ ቀዳዳ አውጥታለች። ኦሪጂናሉን ለመቀየር ቴስታው (የሞተሩ ራስ) መውረድ አለበት። እንደ ራዲዮ አንቴና የሚሳብና የሚያጥር ዓይነት ስላለ ግን በእሱ ተገላገልኩ። ዘንጎቹን ካወጣሁ አይቀር የቫልቮላውንም ክፍተት አስተካከልኩ። 0.15 ሚሊ ሜትር፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ። የጎንደር የንጋት ብርድ ለዚህ ሥራ የተሠራ ነው። ጋቢ ለብሼ ነው የሠራሁት።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከሞተሩ ሥር የዘይት ወንፊቱን የሚይዝ ክብ ሳህን አለ። ቮልስ እንደ ዘመኑ መኪና የወረቀት ፊልትሮ የላትም፤ ያላት ወንፊት ነው። ሳህኑን ስድስት ትንንሽ ዳዶዎች ይይዙታል፤ በየሥራቸው የመዳብ ቀለበት አለ። ትንሽ ላብ የሚል ነገር አየሁና «ላጥብቀው» አልኩ። ረጅም ቁልፍ ያዝኩ። አንደኛው ጠበቀ። ሁለተኛው ጠበቀ። ሦስተኛው «ቀጭ» አለና ላላ። ዳዶው መሰለኝ፤ የተበላው ግን የካርተሩ ጥርስ ነው። ካርተሩ ማግኒዥየም ያለበት ቀላል ብረት ነው፤ ለስላሳ ነው። ላብ የነበረው ወደ ፍሳሽ ተለወጠ። ቶርኖ ቤት ሄጄ ታቹ 8፣ ላዩ 6 ሚሊ የሆነ ዘንግ አስቀረጽኩ፤ ቀዳዳውን አስፍተው ጥርስ አወጡለትና ገጠሙት። ሽማግሌው የቁልፉን ርዝመት አይተው፣ «በዚህ ነው? በዚህ እኮ የአይሱዙ ጎማ ይፈታል» አሉኝ። እነዚያ ዳዶዎች የሚፈልጉት የሁለት ጣት ጉልበት ነው። የመዳብ ቀለበቶቹ ካልተቀየሩ ደግሞ ጉልበትም ዋጋ የለውም።

ወደ ማቀዝቀዣው ልመለስ፤ ሁለት ወር የበላኝ እሱ ነው። ማቀዝቀዣው ካርተሩ ላይ የሚቀመጠው ዘይት እንዳይወጣ በሚያሽጉ ሁለት ትንንሽ የጎማ ቀለበቶች ነው። ጎንደር ስላጣኋቸው አዲስ አበባ ያለ ዘመዴን የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ላክሁት። «የምን ዓመት?» ብለውታል። «የ1968» ብሏል፤ እኔ ነኝ ያልኩት። በአውቶቡስ ላከልኝ። ሞተሩ ወርዶ፣ ማራገቢያው ተነስቶ፣ ተገጠሙ። ሳምንት ሳይሞላው ያ ወፍራም መስመር ተመልሶ መጣ።

በጣም ተናደድኩ። ዕቃው የውሸት ነው ብዬ ዘመዴን ሁሉ ተቆጣሁ። ሽማግሌው ግን የወጡትን ጎማዎች መዳፋቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ከዚያ ከጄኔሬተሩ መቆሚያ ሥር ያለውን የሞተር ቁጥር በጨርቅ ጠረጉና፣ «አንብብልኝ፣ ዓይኔ አይችልም» አሉኝ። በኤ ቢ ይጀምራል።

«የ68 ብትሆን ኤፍ ነበር። ይህ ሞተር ከ70 ወዲህ የወጣ ነው» አሉ። ለካ ሰው ሞተር ቀይሮባታል። የድሮው ካርተር የዘይት መተላለፊያ 8 ሚሊ፣ የኋላው 10 ሚሊ ነው፤ ጎማዎቹም ይለያያሉ። በዓይን ሲታዩ መንትያ ናቸው። ያሳፈረኝ ግን ማታ ቤት ገብቼ ሊብሬውን ስከፍት ነው። የሞተር ቁጥሩ ታርሞ፣ በግልጽ፣ በኤ ቢ ተጽፏል። ስገዛት ያየሁት የተሠራችበትን ዓመትና ቦሎዋን ብቻ ነበር። ዘመዴን ይቅርታ ጠየቅሁ። ትክክለኛዎቹ ጎማዎች ሲመጡ ነጩ ፓውደር ነጭ ሆኖ ቀረ።

ሞተሩ ወርዶ እያለ የቤንዚን ጎማውን ሳጥፈው ተሰነጣጠቀ። ዘይት ግቢ ያቆሽሻል፣ ቤንዚን ግን መኪና ያቃጥላል፤ ማግኒዥየም ሲነድ ደግሞ ውሃ ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። በዚያው ቀን ከነማሰሪያዎቹ ቀየርኩት።

ሽማግሌው አነዳዴንም አረሙኝ። የአዘዞን ዳገት በአራተኛ እየጎተትኩ ነበር የምወጣው፤ ቤንዚን የቆጠብኩ መስሎኝ። ማራገቢያው ግን የሚዞረው ሞተሩ በዞረው ልክ ነው። ሞተሩ ሲያቃስት ነፋሱም ይደክማል፤ ዘይቱ ይቀጥናል፤ ቀጭን ዘይት ደግሞ ቀዳዳ አያጣም። አሁን ዳገቱ ሳይጀምር ሦስተኛ አስገባለሁ። ከኋላዬ ያለው ባጃጅ ጥሩምባውን ይነፋል።

አሁን በየማታው ከሥሯ የማካሮኒ ካርቶን አነጥፋለሁ። የጎማዎቹን ቦታ በእስክሪብቶ ስላመለከትኩ ጠብታ ስትወድቅ ከየት በኩል እንደሆነች ይታወቃል። ወሩን ሙሉ ንጹሕ ነበር። እናቴም ሰሌኗን ወደ ድሮው ቦታ መልሳለች፤ በእርግጥ ከመኪናዋ ሁለት እርምጃ አርቃ።

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ነጥብ አየሁ። ከሞተሩ ሳይሆን ከግራው የኋላ ጎማ በኩል። ጣቴን ነክሬ አሸተትኳት። ድኝ ድኝ ይላል። የካምቢዮ ዘይት ነው።