ገበና በጥቁር ፌስታል

ዳቦ ስንገዛ ባለሱቁ በስስ ነጭ ፌስታል ይሰጠን ነበር። ሞዴስ ስንገዛ ግን ሳንጠይቀው ጎንበስ ብሎ ጥቁሩን ያወጣ ነበር፤ ቋጥሮ፣ ዓይን ዓይናችንን ሳያይ ያቀብለን ነበር። ኮንዶምም እንደዚያው። የጥበብ ሥራዬ የተነሳው ከዚህች ጎንበስ ማለት ነው።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ለዓመት በዓል በግ የምናርድበትን ኮሚናል ለሁለት ቀን እንዲፈቅድልኝ ኮሚቴውን ጠየቅሁ። ማመልከቻው ላይ «የሥዕል ኤግዚቢሽን» ማለቴ ስህተት ነበር። ሰብሳቢው መጥተው ዞር ዞር አሉና «ሥዕሉ የታለ?» አሉኝ። ፈረንሳዊው የጥበብ ሰው ማርሴል ዱሻም በ1917 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ የወንዶች ሽንት መሽኛ ለኤግዚቢሽን እንዳቀረበ፣ የከፈለን ሁሉ እንቀበላለን ያሉት አዘጋጆችም እሱን ሲያዩ እምቢ እንዳሉ ልነግራቸው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ቁልፉ ገና እሳቸው እጅ ነበር።

ከግድግዳ ግድግዳ የልብስ ማስጫ ገመድ ወጥሬ 40 ጥቁር ፌስታል በመቆንጠጫ ሰቀልኩ። ባዶ ፌስታል ሲሰቀል ቆሻሻ ነው የሚመስለው፤ የተጨማደደ ጋዜጣ ስከትበት ነው ሆድ ያወጣው። በሩ ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ አስቀምጬ «ደብቀው የያዙትን ጽፈው ይክተቱ» አልኩ። መነሻዬ ገላዋን ራሱን የጥበብ ሥራ አድርጋ የምታቀርበው ማሪና አብራሞቪች ነበረች። በ1974 እ.ኤ.አ. ጣሊያን፣ ኔፕልስ ውስጥ 72 ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ደርድራ፣ ሕዝቡ ለስድስት ሰዓት በላይዋ ላይ እንዳሻው እንዲጠቀምባቸው ፈቀደች። ሰዉ እየቆየ ደፈረ፤ ልብሷን እስከ መቅደድ፣ ሽጉጥ እስከ መደገን ደረሰ።

የእኔ ሰው አልደፈረም። በመጀመሪያው ቀን የተከተተው ወረቀት አንድ ብቻ፣ እሱም «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል። ማታ ተኝቼ ሳወጣ ሳወርድ ገባኝ። የኔፕልሱ ተመልካች በሩን ዘግቶ ይሄዳል። የእኔው ግን ነገ ደረጃ ላይ ያገኘኛል፤ በእድር አብረን ነን። ቁጥጥርን እሞግታለሁ ብዬ፣ በር ላይ ቆሜ ማን ምን እንደጻፈ የማየው እኔው ሆንኩ!

በማግስቱ አቡጀዲ ጋረድኩ። የገባው ሰው ጽፎ፣ ፌስታሉን ራሱ ቋጥሮ ይወጣል፤ ማንም አይፈታውም፣ እኔም ጭምር። እስከ ማታ 23 ፌስታል ተቋጠረ። ላሾፍበት ያመጣሁት ጥቁር ፌስታል ለካ ሰዉ የሚፈልገው መጠለያ ኖሯል። አንዲት እማማ «ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አሉኝ። ልጽፍልዎት ስል እጃቸውን አወናጨፉ። ፌስታሉን ወደ አፋቸው አስጠግተው የሆነ ነገር አንሾካሾኩበት፤ ትንፋሻቸው ሳያመልጥ ሁለቴ ቋጠሩት፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። እንዲህ ያለ ነገር አስቤ የምደርስበት አልነበረም።

ቁልፉን ስመልስ ሰብሳቢው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የአራተኛ ፎቋ ሴትዮ የትኛው ነው?» አሉኝ።

«ሁሉም ጥቁር ነው ጋሼ» አልኳቸው።

ፌስታሎቹ አልጋዬ ስር ናቸው፣ በማዳበሪያ ውስጥ። እንግዳ ሲመጣ ብርድ ልብሱን ወደ ታች ሳብ አደርጋለሁ።