ቀኝ እጅ የሚዋሽበት ኮአርክቴሽን

አኦርታው (ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ) የጠበበ፣ ማለትም ኮአርክቴሽን ያለበት ልጅ ለቀዶ ሕክምና በግራ ደረቱ በኩል ሲከፈት፣ አርተሪያል ላይን (ደም ቅዳ ውስጥ ገብቶ ግፊቱን ያለማቋረጥ የሚለካ ቀጭን ቱቦ) የማስገባው ቀኝ እጅ ላይ ነው፤ ሰርጀኑ አኦርታውን የሚዘጋበት መቆንጠጫ፣ ክላምፑ፣ ብዙ ጊዜ የግራ ክንዱን ደም ቅዳ ጭምር ይይዛል። ችግሩ የቀኝ ክንዱ ደም ቅዳ አፈጣጠሩ ተዛብቶ ከጥበቱ በታች ሲነሳ ነው። ያኔ ቀኝ እጅ የሚያሳየው የእግርን ግፊት ነው። ሞኒተሩ ላይ 70 አይቶ ግፊት ማሳደጊያ የሚሰጥ ባለሙያ፣ አንጎል ውስጥ 160 ላይ እየጨመረ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ከዋዜማው ሁለቱንም እጅ፣ ሁለቱንም እግር እለካለሁ። ግራው ክንድ ከቀኙ ከ20 በላይ ከበለጠ ሲቲውን ራሴ አያለሁ፤ ሪፖርቱ ጥበቱን ብቻ ጽፎ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ሁለቱም ክንዶች ከጥበቱ በታች ከሆኑ ግን አራቱም ቁጥሮች እኩል ዝቅ ይላሉ። ያን ጊዜ የሚያጋልጠው አንገት ላይ ጣት ሲያርፍ የሚዘለው ምት ነው።

እንዲህ ሲሆን ላይኑን ጆሮ ግንድ ላይ ካለችው ደም ቅዳ በቀጭን 24 ጌጅ መርፌ አስገባለሁ፤ ሌላ መለኪያ እግር ላይ ይሆናል። የጆሮ ግንዱን ላይን የማጥበው በእጅ፣ ከግማሽ ሚሊ ሊትር ሳላልፍ፣ ቀስ ብዬ ነው። በኃይል ከተገፋ አየር ወይም የረጋ ደም ወደ አንጎል ይሄዳል።

ይህች የተዛባች የቀኝ ክንድ ደም ቅዳ አብዛኛውን ጊዜ ከምግብ ቧንቧ ጀርባ ታልፋለች። የኢኮ ፕሮብ (ልብን በድምፅ ሞገድ የሚያሳይ መሣሪያ) በአፍ ሲገባ የቀኝ እጅ ሞገድ ድንገት ጠፍጣፋ ከሆነ፣ ኢሲጂውና ካፕኖግራፉ (በትንፋሽ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካው) ደህና ከሆኑ፣ ፕሮቡ ደም ቅዳዋን ተጭኗት ሊሆን ይችላልና ልብ ቆመ ብሎ ከመደንገጥ በፊት ፕሮቡን መሳብ ነው።

ከክላምፕ በፊት ደም እንዳይረጋ ሄፓሪን በኪሎ 100 ዩኒት፣ የሰውነት ሙቀት ከ34 እስከ 35 ዲግሪ። ክላምፑ ከታሰረ በኋላ ከክላምፑ በላይ ያለው ግፊት ከፍ ይላል፤ በመጠኑ እተወዋለሁ። በግፊት ማውረጃው ናይትሮፕሩሳይድ ወደ መደበኛው ማውረድ ከክላምፑ በታች ያለውንም ይዞ ይወርዳል፣ ሕብለ ሰረሰሩም ደም ያጣል። ከክላምፑ በታች ያለው አማካይ ግፊት ከ45 እንዳይወርድ እጠብቃለሁ፣ ክላምፑ ከታሰረ 30 ደቂቃ ሲጠጋ ለሰርጀኑ ጮክ ብዬ እናገራለሁ።

ክላምፑ ከመፈታቱ በፊት የግፊት ማውረጃ እየተሰጠ ከሆነ አቆማለሁ፣ በኪሎ 10 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ እሰጣለሁ፣ ካልሲየም በሲሪንጅ ይዘጋጃል። አፈታቱም ቀስ በቀስ ነው።

ከዚያ በኋላ ግፊቱ ተመልሶ ይሰቀላል፤ ግፊትና የልብ ምት የሚቀንሰውን ኤስሞሎል በኪሎ በደቂቃ ከ50 ማይክሮግራም እጀምራለሁ። ልጁ እንደነቃ መጀመሪያ የማየው ግን ሞኒተሩን አይደለም፣ የእግሩ ጣቶች መንቀሳቀሳቸውን ነው፤ ሕብለ ሰረሰሩ ደህና መሆኑን የሚነግሩኝ እነሱ ናቸው።